የከሳ ፈረስ እንዴት ይመለሳል?

የዛሬው ወጋችን ስለ ከሳ የጋሪ ፈረስ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ የስንቱን ቤት እንጀራ የሚጎትተው እሱ አይደል?

የጎድን አጥንቱ ሲቆጠር ብዙ ሰው ገብስ ገዝቶ ባንዴ ይደፋለታል። ይህ ሊገድለው ይችላል! የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ያልለመደው እህል ሲበዛበት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ኮቴውም ከውስጥ ተቆጥቶ ያነክሳል።

እስቲ አስቀድመን አፉንና ፋንድያውን እንይ። ሣሩን አላምጦ እየጠቀለለ ከተፋው፣ ወይም በፋንድያው ላይ ያልደቀቀ ገብስ ከታየ፣ ጥርሱ ሳይሾል አልቀረም፤ የእንስሳት ሐኪም ይሞርድለታል። የትል መድኃኒትም በክብደቱ ልክ ስለሚሰጥ ሐኪሙን ጠይቁ።

250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይፈልጋል። ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም። ገብሱን በእፍኝ ጀምራችሁ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ጨምሩ፤ የቀኑንም ድርሻ ከፋፍላችሁ ስጡ። ውኃውንማ አትሰስቱበት፤ በፀሐይ ሲሠራ የዋለ ፈረስ 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል።

ጋሪውን ማሳረፍ ገቢ እንደሚያጎድል እናውቃለን፤ ቢያንስ ጭነቱን አቅልሉለት። ደረቱን በገመድ ለክታችሁ ቋጠሮ አድርጉበት፤ በየ15 ቀኑም እየለካችሁ ለውጡን ከነቀኑ በደብተራችሁ ጻፉ።