ተረትና እውነታ፦ የጁባ ምርጫና የውጭ እጅ

የደቡብ ሱዳን ምርጫ በተነሣ ቁጥር «እዚያ የሚወስኑት ፈረንጆች ናቸው» ይባላል። አገሪቱ ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ነጻ ከወጣች ጀምሮ አንድም ብሔራዊ ምርጫ አላካሄደችም (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የ2015ቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ሳቢያ ቀረ፤ ፓርላማው የፕሬዝዳንት ሳልቫ ኪርን ሥልጣን አራዘመ፣ በ2018 ደግሞ ጨመረ። ለታኅሣሥ 2024 የተቀጠረውም ወደ ታኅሣሥ 2026 ተገፋ። ምክንያት የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራና ቋሚ ሕገ መንግሥት፣ የዋና ከተማዋ የጁባ ባለሥልጣናት በ2018 አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈርሙ ሊሠሯቸው ቃል የገቡባቸው ናቸው። ፈረንጅ ወሳኝ ቢሆን ኖሮ፣ አሜሪካ በሐምሌ 2022 ተማርራ ከስምምነቱ ተቆጣጣሪ አካላት ስትወጣ ጁባ በደነገጠች ነበር። በቀጣዩ ወር ግን የሽግግሩን ጊዜ 24 ወር አራዘመች።

«ነጻነቱን ያመጣው የ2011ዱ ሕዝበ ውሳኔስ?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ገንዘብና ብዙ ታዛቢ ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው። ይሁንና ማንበብ የማይችለውም እንዲለይ በወረቀቱ ላይ ለመገንጠል አንድ የተዘረጋ እጅ፣ ለአንድነት ሁለት የተጨባበጡ እጆች ተሥለው ነበር፤ መራጩ በመረጠው ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። 98.83 በመቶው መገንጠልን መረጠ፤ አገር የሚያጣው የወቅቱ የሱዳን ፕሬዝዳንት አል በሽር ራሱ ውጤቱን ተቀበለ። የረጅም ዓመታት ጦርነት ያመጣውን ውሳኔ የውጭ ስጦታ ማለት መራጩን መናቅ ነው።

የውጭ እጅ የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሞልዶቫ በጥቅምት 2024 ወደ አውሮፓ ኅብረት የመግባት ዓላማዋን በሕገ መንግሥቷ ለማስፈር ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ «አዎ» ያለው 50.35 በመቶ ብቻ ነበር፤ ባለሥልጣናቷም ከሩሲያ ጋር የተሳሰረ ገንዘብ ድምፅ ገዝቷል ሲሉ ከሰሱ። ድምፅ ሥልጣን በሚሰጥበት አገር ድምፅ ይገዛል። ጁባ ላይ ሥልጣን የሚያጸናው ጠመንጃ ስለሆነ የውጭ ኃይል የሚገባውም በዚያው በኩል ነው። የኡጋንዳ ጦር በታኅሣሥ 2013 ኪርን ደግፎ ገባ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ ልዩ ኃይሉን ጁባ አሰፈረ። በዚያው ወር የኪር ዋና ተቀናቃኝ፣ በወቅቱ ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዝዳንት የነበረው ሪክ ማቻር፣ በቁም እስር ዋለ። ስለዚህ የጁባን ምርጫ የሚከታተል ሰው የድምፅ ሣጥኑን የሚረዳው ማን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት፣ ወታደሩ በማን ፈቃድ እንደገባና መቼ እንደሚወጣ ይጠይቅ።