ያውቁ ኖሯል? ምኩራብ በአሜሪካ

ስደተኛ መጠለያ ካገኘ በኋላ ቀጥሎ የሚፈልገው የሚጸልይበትን ቦታ ነው። ወደ አሜሪካ የገቡት አይሁድም ምኩራባቸውን ያቆሙት በትዕግሥት፣ አንዳንዴም በጎረቤት እርዳታ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

• በ1654 ፖርቱጋሎች የብራዚሏን ሬሲፌን ከሆላንዶች ሲያስለቅቁ፣ ከዚያ የሸሹ 23 አይሁድ ዛሬ ኒው ዮርክ በምትባለው ከተማ ወረዱ። የሆላንዶቹ ገዥ ፒተር ስታይቨሰንት ሊያባርራቸው ፈልጎ ነበር፤ አለቆቹ ግን ከሆላንድ «ይቀመጡ» ብለው ፈቀዱ። ስደተኞቹ የመሠረቱት ጉባኤ ሺሪት እስራኤል፣ ማለትም «ከእስራኤል የተረፉ» ይባላል።

• ይህ ጉባኤ የራሱን ምኩራብ ሠርቶ የባረከው በ1730 ነው። 76 ዓመት ጠብቋል ማለት ነው!

• በአሜሪካ እስከ ዛሬ ከቆሙት ምኩራቦች ሁሉ አንጋፋው በሮድ አይላንድ፣ በኒውፖርት ከተማ የሚገኘው ቱሮ ምኩራብ ነው። የተመረቀው በ1763 ነው። የሴቶቹን ሰገነት የተሸከሙት ምሰሶዎች በ12ቱ ነገደ እስራኤል ቁጥር 12 ናቸው።

• ጆርጅ ዋሽንግተን በ1790 ኒውፖርትን ጎብኝተው ለዚሁ ጉባኤ ደብዳቤ ጻፉ። የአሜሪካ መንግሥት ለጥላቻና ለስደት ድጋፍ እንደማይሰጥ አረጋገጡላቸው። ቃሉን አስቀድሞ በራሱ ደብዳቤ ላይ ያሰፈረው ግን የጉባኤው አስተዳዳሪ ሞሰስ ሴሻስ ነበር። የዋሽንግተን ደብዳቤ ዛሬም በየዓመቱ በምኩራቡ ውስጥ ይነበባል።

• የፊላዴልፊያው የሚክቬ እስራኤል ጉባኤ በ1788 ዕዳ ሲያስጨንቀው የከተማውን ሰው እርዳታ ጠየቀ። ካዋጡት ክርስቲያኖች አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበር፤ 5 ፓውንድ ሰጠ።

• በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ የነበረው ምኩራብ በ1838 ተቃጠለ። ጉባኤው አዲሱን ሲሠራ ኦርጋን ይግባ አይግባ በሚል ተከራከረ፤ ኦርጋኑ ገባ፣ የተቃወሙት ተለይተው ወጡ። ሕንፃውን በጉልበታቸው ካቆሙት መካከል በባርነት የተያዙ ጥቁሮች እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም።

• ጄኔራል ዩሊሰስ ግራንት በ1862፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት፣ በሚያዝዙት ግዛት ያሉ አይሁድ ሁሉ እንዲባረሩ አዘዙ፤ ትእዛዙን ፕሬዚዳንት ሊንከን ሻሩት። ከ14 ዓመት በኋላ እኒሁ ግራንት፣ አሁን ፕሬዚዳንት ሆነው፣ በዋሽንግተን የአዳስ እስራኤል ምኩራብ ምረቃ ላይ ተገኙ። በምኩራብ ምረቃ የተገኙ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ናቸው።

• ያ የአዳስ እስራኤል የጡብ ሕንፃ ከተሸጠ በኋላ ቤተ ክርስቲያንም ሱቅም ሆኖ አገልግሏል። ከመፍረስ ለማዳን በ1969 እንዳለ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ፤ በ2016 እና በ2019ም እንደገና ተጓጓዘ። ዛሬ የሙዚየም አካል ነው።

• በ1919 በሐርለም፣ ኒው ዮርክ፣ ራቢ ዌንትዎርዝ ማቲው የመሠረቱት የጥቁር አይሁድ ጉባኤ በስሙ ውስጥ «የኢትዮጵያ ዕብራውያን» የሚል አለበት። የሐርለሙ ሌላ ራቢ፣ የባርቤዶሱ ተወላጅ አርኖልድ ፎርድ፣ በ1930 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1935 አዲስ አበባ ዐረፉ። የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን ያቋቋሙት ባለቤታቸው ሚኞን ፎርድ ናቸው።

• በኒው ዮርክ ኤልድሪጅ ጎዳና የሚገኘው ምኩራብ በ1887 ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡ ስደተኞች ተሠራ። ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ዋናው አዳራሽ ተዘግቶ እርግብ ሰፈረበት፤ የቀሩት ጥቂቶች ግን በምድር ቤቱ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። 20 ዓመት የፈጀው እድሳት በ2007 ሲያልቅ፣ ምእመናን ቆመው እየተወዛወዙ ሲጸልዩ እግራቸው የቦረቦረው የወለል ጣውላ እንዳለ ተተወ። ኒው ዮርክ ከሄዱ ይግቡና ጉድጓዱን በእግርዎ ይዳብሱት።