እንግጫን ከሣር፣ አንዱን እንግጫ ከሌላው መለየት

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ የሚዘራ አርሶ አደር እንግጫን ያውቀዋል። ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫም ከዚሁ ወገን ነው። በማሳ ላይ ግን ገና በለጋነቱ ሣር ይመስላል። እንደ ሣር ከላይ ተነቅሎ ከተተወ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ ይበቅላል፤ የአራሚው ጉልበትም ይባክናል። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

1. ከሣር የሚለይባቸው ምልክቶች

• ግንዱን በሁለት ጣት መካከል ያሽከርክሩት። የሣር ግንድ ክብ ነው፤ የእንግጫ ግንድ ሦስት ማዕዘን ስላለው ጣት ላይ ይቆረቁራል።
• የሣር ግንድ አንጓ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው። የእንግጫ ግንድ አንጓ የለውም፤ ውስጡም ድፍን ነው።
• ከላይ ወደ ታች ሲመለከቱት የሣር ቅጠል በሁለት አቅጣጫ፣ የእንግጫ ቅጠል በሦስት አቅጣጫ ይወጣል።

2. ሁለቱ አስቸጋሪ እንግጫዎች

ሁለቱም በአፈር ውስጥ እንደ ትንሽ ድንች ያለ እንክብል ያፈራሉ። በዶማ ቆፍረው ሥሩን ሳይበጥሱ ያውጡና ይመልከቱ።

ሀ. ሳይፐረስ ሮቱንደስ፦ እንክብሎቹ በቀጭን ሥር እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ይገኛሉ፤ ጣዕማቸው መራራ ነው። አበባው ወደ ቡናማ ቀይ ይሄዳል። የቅጠሉ ጫፍ በአጭሩ ይሾላል።

ለ. ሳይፐረስ እስኩለንተስ፦ እንክብሉ በእያንዳንዱ ቀጭን ሥር ጫፍ ላይ ለብቻው ይወጣል፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። አበባው የገለባ ቢጫ መልክ አለው። የቅጠሉ ጫፍ ረዝሞ እየቀጠነ ይሄዳል።

3. ምን እናድርግ?

• በአብዛኛው እንክብሉ የሚገኘው በላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። እርጥብ መሬት ሲታረስ የ"ሀ" ሰንሰለት ይበጣጠሳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ራሱን ችሎ ይበቅላል። በበጋ ደጋግሞ ማረስ ግን እንክብሉን ለፀሐይ አጋልጦ ያደርቀዋል።
• በጤፍ ማሳ አዲስ እንክብል ሳያፈራ ቀድመው ይረሙ። ከተቻለ ከነእንክብሉ ቆፍረው ያውጡት፤ የወጣውንም ከማሳው ውጭ ያድርቁት።
• 2,4-ዲ በዋናነት የሚያጠፋው ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ነው። የእንግጫውን ቅጠል ቢያቃጥልም እንክብሉ በአፈር ውስጥ ስለሚቀር በእሱ ብቻ አይታመኑ።
• ውኃ የሚተኛበትን ማሳ ያጠንፍፉ። ሞፈርና ማረሻ ወደ ሌላ ማሳ ሲወሰድ የተጣበቀውን አፈር ያራግፉ።

በመስከረም አበባው ሲታይ እንግጫ የበዛበትን ቦታ በችካል ምልክት ያድርጉበት። አዝመራው ከተነሣ በኋላ በበጋው እርሻ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚያ ቦታ ነው። ምልክቶቹንም ለቡድንዎ አባላት በማሳ ላይ ያሳዩ።