ሀና ማርያም መሀል ላይ የሚገኝ ጣፋጭ

«ሀና ማርያም መሀል ላይ የሚገኝ ጣፋጭ (2)»። ይህን ያነበበ የሰፈሩ ነዋሪ ሐሳቡ ወዲያው ወደ ኬክ ቤት ይሄዳል። ፍንጩ ግን ስለ ኬክ ቤት አያወራም። የሰፈሩን ስም በፊደል በፊደል መደርደር ነው፦ ሀ፣ ና፣ ማ፣ ር፣ ያ፣ ም። ከስድስቱ መሀል ላይ የተቀመጡት ሁለቱ «ማር» ይላሉ። በቅንፍ ያለው ቁጥር የመልሱን ፊደላት ብዛት ይነግራል። ክፍለ ከተማውም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም፤ ንፋስ ስልክ ውስጥ ፋስ ተሸሽጓል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ክሪፕቲክ ክሮስወርድ ይባላል። ተራው ክሮስወርድ «የኬንያ ዋና ከተማ» ብሎ ይጠይቃል፤ ያወቀ ይሞላል፣ ያላወቀ ያልፋል። ክሪፕቲኩ መልሱን ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ አንዴ በፍቺ፣ አንዴ በቃላት ጨዋታ። ከዚያ ሁለቱን ሰፍቶ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ያስመስላቸዋል። የጀማሪው ሥራ ስፌቱን ማግኘት ነው። ከጥቂት ልዩ ዓይነቶች በቀር ፍቺው የሚቀመጠው ወይ ፍንጩ መጀመሪያ ላይ ወይ መጨረሻው ላይ ስለሆነ፣ ፍለጋውን ከሁለቱ ጫፎች መጀመር ያዋጣል።

ለዚህ ጽሑፍ የተሠሩ ሌሎች ፍንጮችን እንመልከት። «ማሳ ሲገለበጥ የሚለበልብ ቅጠል (2)»። አንባቢው የሚያየው ሞፈርና ቀንበር ነው። የሚገለበጠው ግን አፈሩ ሳይሆን ቃሉ ነው፤ ማሳ ከኋላ ሲነበብ ሳማ ይሆናል። «ደጃፍ ላይ የቆመ የገበሬ አጋር ዓይን ያስለቅሳል (4)» ሲባልም ደጃፉ በር፣ አጋሩ በሬ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ በርበሬ ይወጣል። «ሚዛን ላይ የታወቀበት ሰውዬ (3)» ደግሞ ምንም መገልበጥ አይፈልግም። አንድ ቃል ለሁለት ፍቺ ይበቃል፦ ከበደ።

ጀማሪ የሚሸነፈው ቃል አንሶት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ የሚሥለውን ሥዕል ስላመነ ነው። «መሀል»፣ «ሲገለበጥ»፣ «ላይ የቆመ» የሚሉት በዚህ ጨዋታ ትእዛዝ ናቸው፤ ፊደላቱን ምን ማድረግ እንደሚገባ ይናገራሉ። ልምድ ያለው ፈቺ መጀመሪያ የሚያድነው እነሱን ነው።

ክሮስወርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1913 «ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ ላይ በአርተር ዊን ተወለደ፤ ተንኮሉን የተማረው ግን እንግሊዝ ሄዶ ነው። ከ1926 ጀምሮ «ኦብዘርቨር» ላይ «ቶርኬማዳ» በሚል ስም ያዘጋጅ የነበረው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ አንባቢውን ያሠቃይ ጀመር። ስሙም የተወሰደው ከስፔኑ የሃይማኖት መርማሪ ነው። በ1939 ሲሞት ቦታውን የያዘው የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህሩ ዴሪክ ማክነት የሌላ መርማሪ ስም መርጦ «ዚሜኔስ» ተባለ፤ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍም ፍንጭ ቢያሳስትም መዋሸት እንደሌለበት የሚያስገድዱ ደንቦችን አጸና። ከ1972 ጀምሮ ተራው የጆናታን ክራውዘር ሆነ። እሱ ደግሞ ዴዛ የተባለውን መርማሪ ስም ከኋላ አንብቦ «አዜድ» አለ። ማሳና ሳማን ያየ አንባቢ ብልሃቱን ያውቀዋል።

ጭብጥ ያለው ክሮስወርድ ከዚህም አንድ እርከን ይወጣል። በዚህ በኩል ስሙ የገነነው ከ1930 ጀምሮ በቢቢሲው «ዘ ሊስነር» መጽሔት ይወጣ የነበረውና፣ መጽሔቱ በ1991 ሲዘጋ ወደ «ዘ ታይምስ» የተዛወረው ነው። እዚያ አንዳንድ መልሶች ፍንጭ የላቸውም። ፈቺው ዙሪያቸውን ሞልቶ ምን እንደሚያዛምዳቸው ራሱ መድረስ አለበት። ለምሳሌ በርበሬ ተፈትቷል እንበል። ፍንጭ ከሌላቸው አንዱ መስመር ላይ በሌሎች ቃላት አማካይነት ኮ፣ ባዶ፣ ሪ፣ ማ ተሰልፈዋል። ሌላው ላይ በ፣ ሶ፣ ባዶ፣ ላ። ኮረሪማና በሶብላ! ጭብጡ የበርበሬ ድልህና ቅመም መሆኑ ከታወቀ በኋላ ዝ ብሎ የሚጀምረው ባለ አምስት ፊደሉ መስመር ዝንጅብል መሆኑን ለመገመት ብዙም አያለፋም።

ጭብጥ ሳይታሰብም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1944 ኖርማንዲ ላይ የተባበሩት ጦር ከመውረዱ በፊት በነበሩት ሳምንታት «ዴይሊ ቴሌግራፍ» ክሮስወርድ ውስጥ ዩታ፣ ኦማሃ፣ ኦቨርሎርድ፣ መልበሪና ኔፕቲዩን የሚሉ መልሶች ወጡ። ሁሉም የዘመቻው ምስጢራዊ ስሞች ነበሩ። አዘጋጁ ሌናርድ ዶው፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ በደኅንነት ሰዎች ተጠየቀ፤ ሰላይነት ግን አልተገኘበትም።

ሰምና ወርቅ ሲለይ ላደገ አማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። ኅብር የለመደ ጆሮ የመጀመሪያውን ትርጉም ሰምቶ ዝም አይልም፤ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ጭብጡም ቢሆን በቅኔ ቤት የታወቀ ነገር ነው። ተማሪው በዋሸራም ይሁን በዋድላ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ ሰሙን ከእርሻም ከጦር ሜዳም ሊያመጣ ይችላል፤ ወርቁ ግን ከዕለቱ በዓል ጋር መስማማት አለበት። ኅዳር 11 የቅድስት ሐና ዕረፍት በሚታሰብበት ቀን ወርቁ ወደ እሷ ካላመራ፣ ቅኔው የቱንም ያህል ቢያምር ቦታውን ስቷል። ልዩነቱ ማረጋገጫው ላይ ነው፤ የቅኔው ምስጢር በመምህሩ ይታረማል፣ ክሮስወርዱ ግን የሚታረመው በሚያቋርጡት ቃላት ነው።

በፊደላችን ማዘጋጀት የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ሳጥን የሚይዘው ከነድምፁ ሙሉ ፊደል ስለሆነ «ማ» በ«ም» ላይ አያልፍም፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ እንግሊዝኛ በ26 ይጫወታል። ስለዚህ ቃላትን ማቆራረጥ ለአዘጋጁ ከባድ ነው፤ ለፈቺው ግን አንድ የተሞላ ሳጥን ብዙ ይነግረዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚለውም ከመጀመሪያው መነገር አለበት፤ ሀና ማርያም ራሷ በሀም በሐም ትጻፋለች።

ለአዘጋጁ ትልቁ ስጦታ ግን ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አለመታየቱ ነው። «ገና» በዓልም ነው፣ ጊዜው አለመድረሱም ነው፤ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በዚሁ መንገድ የተሠራች አንዲት ፍንጭ ለጀማሪው ትቅረብ፦ «ዓሣ ሳይማር የሚችለው፣ ከሁሉ የሚበልጠው (2)»። መልሱ አንዴ ላልቶ፣ አንዴ ጠብቆ ይነበባል።