«የጠፋ» እና «ዘሩ የጠፋ»፦ በዱር እንስሳት ጥበቃ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሐሳብ

በአማርኛ «ጠፋ» የሚለው ግስ ብዙ ፍች ይሸከማል። መብራት ይጠፋል፤ ከመንጋው የተለየ በግ ይጠፋል፤ የአንድ እንስሳ ዘርም ይጠፋል። በዕለት ንግግር ዐውዱ ፍቹን ስለሚለየው ችግር አይፈጠርም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰነዶች ሲተረጎሙ ግን ሊገኝ የሚችለውን ከማይመለሰው የሚለይ ስያሜ ያስፈልጋል።

በሩዋንዳ በኒዩንግዌ ደን የሚኖረው የሂል የሌሊት ወፍ ለዚህ አብነት ይሆነናል። በአፍንጫው ላይ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቆዳ ያለው ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1981 በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ሳይታይ ቆይቶ በ2019 ተመራማሪዎች አገኙት፤ በቤተ መዘክር ካሉ ናሙናዎች ጋር አመሳክረው ማንነቱን ካረጋገጡ በኋላም ግኝቱ በ2022 ይፋ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ተርጓሚ «የጠፋ» ብሎት ቢሆን፣ አንባቢ ዘሩ እንዳለቀ አድርጎ በተረዳው ነበር። አልቋል ለተባለ እንስሳ ደግሞ ደን የሚከልል፣ ዋሻ የሚፈትሽ አይገኝም።

ስለዚህ የሚከተሉትን አቻ ቃላት እናቀርባለን፤

1. ዘሩ የጠፋ፦ የመጨረሻው እንስሳ መሞቱ የማያጠራጥር ሲሆን። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የሚጠይቀው መስፈርትም ይኸው ነው።

2. ደብዛው የጠፋ፦ ለረጅም ጊዜ ያልታየ፣ ነገር ግን ማለቁ ያልተረጋገጠ። ይህ የቀይ መዝገቡ ምድብ አይደለም፤ ስለዚህ በምድብ ስም ምትክ አይገባም።

3. ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ፣ ለመጥፋት የተቃረበ፣ ለመጥፋት የተጋለጠ፦ ሦስቱ እንደ አደጋው ክብደት የተደረደሩ ምድቦች ናቸው። የሂል የሌሊት ወፍ የተመዘገበው በመጀመሪያው ነው። «እጅግ» የምትለው ቃል ምድብ ለይታ ስለምትቆም ለአነጋገር ማሳመሪያ ልትጨመርም ሆነ ልትቀነስ አይገባም።

4. መረጃ ያልተሟላለት፦ የአደጋውን መጠን ለመመዘን የሚበቃ መረጃ ያልተገኘለት። «አያሠጋም» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ በሌሊት የሚበርና በዋሻ የሚሸሸግ እንስሳ ቁጥሩ በቀላሉ አይታወቅምና።

«የሌሊት ወፍ» የሚለው ስም ራሱ፣ እንስሳው አጥቢ እንጂ ወፍ ስላልሆነ ይለወጥ የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት ሕዝቡ የለመደው ስም ማንንም አያሳስትምና እንዳለ ይቆይ፤ ፍችው በመዝገበ ቃላቱ «የሚበር አጥቢ እንስሳ» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል። ጥንቃቄው ሊጠና የሚገባው በ«ጠፋ» ላይ ነው።