ፊርማው የማን ነው?
(በቆዩ የሙዚቃ ሸክላዎች ላይ ስለሚገኝ የድምፃውያን ፊርማ)



የቡና መገኛ መሆኗ በሚነገርላት በከፋዋ ማንኪራ፣ አስተዋይ ሸማች «የጫካ ቡና ነው» ስለተባለ ብቻ ኪሱን አይፈታም። ፍሬውን በመዳፉ ዘርግቶ ያያል፤ ያሸታል፤ ከማን እጅ እንደ መጣም ይጠይቃል። ስም ዋጋ ባገኘበት ስፍራ ሁሉ፣ ስምን ለማታለያ የሚያውል ሰው አይጠፋምና። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም በቆዩ የሙዚቃ ሸክላዎች ሽፋን ላይ ስለሚገኘው የታዋቂ ድምፃውያን ፊርማ ነው።

የአገራችን የሸክላ ዘመን አጭር ነበር። አምሐ እሸቴ በስሙ የሚጠራውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ካቋቋመ በኋላ፣ እነ ዓለማየሁ እሸቴና እነ ማሕሙድ አህመድ የዘፈኑባቸው ሸክላዎች በየቤቱ ተሰሙ። ብዙም ሳይቆይ ግን ካሴት ስፍራውን ወረሰ። በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ የጥንቶቹ ሸክላዎች በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሆኑ። ሸክላው ከተወደደ ፊርማ ያለበት ይብስ ይወደዳል፤ አታላዩም የሚገባው በዚህ በር ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ፊርማና ማኅተም ሲያመሳክር ለሚውል ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። አራት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይበቃዋል።

አንደኛ፣ ዘመኑ ይስማማልን? ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። የቆዩ ሥራዎች ዛሬ እንደገና በሸክላ ይታተማሉና፣ ከዚያ ቀን በኋላ በታተመ ሽፋን ላይ «የጥላሁን ፊርማ» ቢገኝ ሌላ ምርመራ አያሻውም።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ ምንድን ነው? ጄል የሚባለው እስክሪብቶ በጃፓን የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ነው። ስለዚህ በንጉሡ ዘመን ተፈረመ የተባለ ፊርማ በእንዲህ ያለ ቀለም ከተጻፈ ሐሰቱ በራሱ ይናገራል። የተጣጠፈውንና የተሰነጠቀውንም ስፍራ ማየት ነው፤ ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ ከታየ፣ ፊርማው የመጣው ወረቀቱ ካረጀ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ እጁ እንዴት ሄደ? ፊርማውን የለመደ ሰው ፈጥኖ ይጽፋል፤ የመስመሩም መነሻና መድረሻ ቀጠን ይላል። አስመሳዩ ግን አይጽፍም፤ ይሥላል። ስለዚህ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ በቆመበትም ቀለም ይቋጥራል። የእኛ ፊደል አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ ስለሚጻፍ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ብዕር መነሣቱ ምልክት አይሆንም፤ መመርመር የሚገባው በአንዱ ፊደል ሆድ ውስጥ ያለው ማመንታት ነው። ደግሞም ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ አድርጎ አይፈርምም። በ2022 የቦብ ዲላን መጽሐፍ 900 ቅጂዎች «በእጁ የተፈረሙ» ተብለው እያንዳንዳቸው በ599 ዶላር ተሽጠው ነበር። ገዢዎቹ ፊርማዎቹን ጎን ለጎን ቢያስተያዩ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነ፤ የፈረመው መሣሪያ ኖሯል። አሳታሚውም ገንዘቡን ለመመለስ ተገደደ።

አራተኛ፣ ከማን እጅ መጣ? ማን፣ መቼ፣ የት አስፈረመው? ሻጩ ለዚህ መልስ ሳይሰጥ የምስክር ወረቀት ብቻ ቢዘረጋ፣ ወረቀቱንም የጻፈ እጅ እንዳለ ማሰብ ይገባል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳት ብቻ አይደለም። ያረፈ ድምፃዊ «ይህ እጄ አይደለም» ብሎ ሊከራከር አይችልም፤ ሐሰተኛው በበዛ ቁጥር እውነተኛው ይጠረጠራል፤ የሟቹ ልጆች በቅርስነት የያዙትም ክብር ያጣል። እንግዲህ እውነተኛ ፊርማ ያለበት ሸክላ በቤታችሁ ካለ፣ ያስፈረመው ሰው በሕይወት ሳለ ታሪኩን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ቀኑንና ቦታውንም አክላችሁ ከሸክላው ጋር አኑሩት። ለነገው መርማሪ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።