የኮምቶ ተረተር በኅዳር ወር፤ ቀለሙ ለእግረኛ የሚነግረው

በአገራችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት መፀው ይባላል። ፈረንጆች በዚህ ጊዜ የሚገኘውን ወቅታቸውን የቅጠል መርገፊያ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በእነርሱ አገር ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲበረታ ዛፉ ባንድነት አረንጓዴነቱን ጥሎ ቢጫና ቀይ ይሆናልና። በወለጋ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክረምቱ ያጠጣው ምድር የሚያብበው፥ አየሩ የሚጠራው፥ ጭቃውም የሚጠነክረው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ተራራ መውጣት የሚሻ ሰው ጥቅምትንና ኅዳርን ቢመርጥ ይሻለዋል።

እኔም ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ፥ ቅዳሜ ቀን፥ ከነቀምቴ ተነሥቼ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ኮምቶ ተራራ ብቻዬን ወጥቼ ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዞውን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ሰው ስለ ኅዳር ተራራ ሲናገር ውበቱን ብቻ ያነሣል፤ እኔ ግን ቀለሙ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለእግርም እንደሚጠቅም፥ ብቻውን የሚሄድ ሰው እንደ መሪ ሊጠቀምበት እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ወላጆች ይህን ሲያነቡ «ስለ ምን ብቻውን ተላከ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ብዙው የወለጋ ገጠር በፀጥታ መጓደል ተቸግሯልና፥ የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ መንገድ መጀመር አይገባም። አባቴ የፈቀደልኝ በዋዩ ቱቃ ወረዳ ያሉ ዘመዶቻችንን ካማከረ በኋላ ነው። የምሄድበትን መንገድና የምመለስበትን ሰዓትም በወረቀት ጽፌ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ከጻፍሁትም መንገድ ወዲያ ወዲህ አላልሁም። ብቻውን የሚሄድ ሰው እግሩ ቢወለም የሚፈለገው በዚያ ወረቀት ነውና።

ስለ ሰዓት ደግሞ ከዚህ የሚከተለውን ማወቅ ይጠቅማል። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ለተራራ ወጪዎች አንድ ቀላል ሒሳብ አወጣ። በእኛ መለኪያ ሲመለስ ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት፥ ለ600 ሜትር ዐቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት መጨመር ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ የኮምቶ ጫፍ ከ2,400 ሜትር ያልፋል። መንገዱን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብንለው ሒሳቡ ሦስት ሰዓት ግድም ይሆናል። እኔ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ የደረስሁት በ4 ሰዓት ተኩል ነው። ኔይስሚዝ አበባ ለማየት የሚቆምበትን ጊዜ አልጨመረም!

በአገራችን ምሽቱ እንደ ሰሜኑ ዓለም አያዘግምም። በኅዳር ወር በነቀምቴ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ብርሃን ቢቀር ነው። ስለዚህ ጫፍ ቢደረስም ባይደረስም በ7 ሰዓት ፊትን ወደ ቤት ማዞር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ። ጠዋት ከዐቀበቱ ላይ ሆነው ወደ ዴዴሳ በኩል ሲመለከቱ ቆላው በነጭ ጉም ተሞልቶ ባሕር ይመስላል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ታጣለች፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ይወርድና በዚያ ያለው እርጥበት ጉም ይሆናል። ይኸው ብርድ በተራራው ሣር ላይ ጤዛ ያወርዳል። ጉሙ ሲገፈፍ ጤዛውም መድረቅ መጀመሩን ያመለክታል፤ ድንጋይ ለመውጣት የሚያስብ ሰው እስከዚያ ቢታገሥ ይሻለዋል።

ከሩቅ ዓይን የሚስበው ቢጫው ነው። ቢጫው ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ቀርቦ ያላየ ሰው አያውቅም። አንደኛው አደይ አበባ ነው፤ በኦሮምኛ ኬሎ ይሉታል። በኅዳር አብዛኛው ረግፎ በተረተሩ ላይ ጥቂት ቀርቶ ነበር። አደይ ፀሐይ የሚወድ ስለሆነ ጥላ ባለበት ጫካ ውስጥ አይበቅልም፤ በማሳ ዳርና ባደረ መሬት ላይ ይበቅላል። ስለዚህ አደይ ባለበት መሬቱ ገላጣ ነው፥ ጤዛውም ቶሎ ይደርቃል፥ እግርም አያዳልጠውም። ሁለተኛው ቢጫ ኑግ ነው። ይህ የዘይት እህል መጀመሪያ ለማዳ የሆነው በኢትዮጵያ ነው፤ ወለጋም ከሚታወቅባቸው አዝመራዎች አንዱ ነው። የኑግ አበባ በራሱ ዱቄት ብቻ ደኅና ፍሬ ስለማይሰጥ ንብ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ማመላለስ አለባት። እንግዲህ ዘይቱም ማሩም በአንድ ንብ ክንፍ ላይ የተጫኑ ናቸው ማለት ነው። ለእግረኛው ኑግ የሚነግረው የሰው እርሻ መድረሱን ነው፤ በመካከሉ ሳይሆን በወሰኑ ላይ ማለፍ ይገባዋል።

ከእርሻው በላይ የጫካው ጠርዝ ላይ አንዳንድ ብርቱካን መልክ ያለው ቅጠል ይታያል። ይህ ቢሳና ነው፤ በኦሮምኛ በከኒሳ ይባላል። ቅጠሉ ሲያረጅ አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የተባለው ነገር ይፈርስና ሌላው ቀለም ይገለጣል፤ ፈረንጆች በመላው ጫካቸው ላይ የሚያዩትን እኛ በአንድ ዛፍ ላይ፥ ያውም ከለምለሙ ቅጠል ጋር ተደባልቆ እናየዋለን። ለእኔ ከመላው የሚያምረኝ ይህ ነው። ቢሳና ጫካ በተመነጠረበትና በጫካ ዳር የሚበቅል በመሆኑ፥ እርሱ በበዛበት ሰው የሚሄድበት መንገድ አይጠፋም። ንፋስ ሲነሣም የቅጠሉ ጀርባ እየተገለበጠ ነጣ ብሎ ስለሚታይ ንፋስ መነሣቱን ከሩቅ ይናገራል።

ነጭ ያበበ ዛፍ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ዋንዛ ነው። ገበሬ ዋንዛን ከማሳውና ከቡናው መካከል ስለማይቈርጠው፥ እርሱ ካለ ቤት ቅርብ ነው፤ ቤት ካለም ውሻ አለ። ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ፥ ዱላን ዝቅ አድርጎ ማለፍ የአገሩ ሥርዓት ነው።

ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ዶቅማና ሌሎች ትልልቅ ዛፎች የሞሉበት ጐድጓዳ ቦታ ነው። በዚያ ውኃ አለ፤ ግን ፀሐይ ስለማይገባ ሥሩና ድንጋዩ እስከ ቀትር ያዳልጣል። ከዚህ ጐን ሰማያዊ ግራጫ የሚመስለው ባሕር ዛፍ ነው። በልጅነቱ ቅጠሉ እንደ ሰም ያለ ነገር ስለሚሸፍነው መልኩ እንዲህ ይሆናል። ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ለቤት ሥራና ለማገዶ የሚሰጠውን ጥቅም ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ከተረተሩ ላይ ቆሜ ሳየው ያ ግራጫ ቀለም ከታች ወደ ላይ እየወጣ፥ ጥቁሩ አረንጓዴ እየጠበበ መሆኑ ግልጽ ነው። የምንጩ ጉዳይ ስላለበት ይህ የተራራ ወጪ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቀዩ አፈር ነው። የነቀምቴን አካባቢ ደጋ የሸፈነው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሙቀትና በዝናብ ብዛት ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል፤ ቅላቱም የዚሁ ዝገት ነው። እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በደረቀ ጊዜም ደቃቅ ጠጠሩ ከጫማ በታች ይንከባለላል። በመውረድ ጊዜ ከቀዩ ይልቅ በሣሩ ላይ መርገጥ ይሻላል።

ከጫፉ በታች ያለው ጥቂት ቦታ በእጅም በእግርም የሚወጣ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ደርቆ ሲገኝ ጫማን አጥብቆ ይይዛል፤ ግራጫ ቅርፊት የለበሰው ግን በጤዛ ጊዜ አይታመንም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ድንጋዩን ሳይለቁ አንዱን ብቻ ማንቀሳቀስ። ወደ ላይ የወጡትን ሁሉ ወደ ታች መውረድ እንደማይቻልም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሲወጡ ዓይን ከእጅ አጠገብ ነው፥ ሲወርዱ ግን እግር የሚረግጠውን ዓይን አያየውም። ስለዚህ ወጣ ባልሁ ቁጥር መለስ ብዬ መውረጃዬን እመለከት ነበር።

በተረተሩ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ከሰላምታ በኋላ በኦሮምኛ «ልጄ፥ ጓደኛህ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ብቻዬን መሆኔን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። የከብት መንገድ ሁለት ቦታ ሲከፈል እርጥብ እበት ያለበትን መያዝ ነው፤ ወደ ቤት የሚወስደው እርሱ ነውና። ሁለተኛውን በዱላቸው እየጠቈሙ አሳዩኝ፤ በዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች ነበሩ። ጊዜው ማር የሚቈረጥበት ስለሆነና ሥራውም በጢስ ከመሸ በኋላ ስለሚሠራ፥ በዚያ ሰዓት የተቈጣ ንብ ከታች የሚያልፈውን አይምርም። ከጩኮዬ አካፈልኋቸው፥ እርሳቸውም ውኃ አጠጡኝ።

በ7 ሰዓት መውረድ ጀምሬ 11 ሰዓት ሳይሞላ ቤት ገባሁ፤ እናቴም ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ።

ይህን ሁሉ ቀለም ለማየት የሚሻ ጓደኛ ቢኖር ጊዜው አጭር መሆኑን ይወቅ። በታኅሣሥ ኑጉ ይታጨዳል፥ አደይም ደርቆ ዘሩን ይበትናል፥ አየሩም በአቧራ ይደበዝዛል። ከዚያ በኋላ በበጋው ከሩቅ የሚታየው ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ የሚቆመው ቆርች ነው፤ በኦሮምኛ ወለንሱ ይሉታል።